የሬጎንዲ «ሬቬሪ»፦ በነፃ አውርጄ በጥፍሬ የከፈልኩበት ኖታ

ጀርመን፣ ኦፈንባኽ ከተማ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እዚህ ስለ ጫማና ስለ ቆዳ ሥራ ካልሆነ ስለ ከተማዋ ብዙ የሚያወራ የለም፤ የቀረውን ወሬ ከአጠገባችን ያለችው ፍራንክፈርት ትወስደዋለች። እናም ባለፈው ክረምት ካወረድኩት የጊታር ኖታ ሽፋን ላይ «ኦፈንባኽ፣ ዮሐን አንድሬ» የሚል የአሳታሚ ስም ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ጊታር ተጫዋቹ ጁሊዮ ሬጎንዲ ለንደን ተቀምጦ የደረሰው «ሬቬሪ»፣ ኦፐስ (የድርሰት ቁጥር) 19፣ በፈረንጆቹ 1864 የታተመው እኔ ካርቶን ልጭን በሌሊት በምወጣበት ከተማ ነው።

ሬጎንዲ በሕፃንነቱ አውሮፓን ያስደመመ ልጅ ነበር፤ ስፔናዊው የጊታር ደራሲ ፌርናንዶ ሶር እንኳ አንድ ድርሰቱን ለእሱ አበርክቷል። በ1831 ለንደን ገብቶ በ1872 እዚያው ሞተ። ጊታር በፒያኖ እየተዋጠ በሄደበት ዘመን እንጀራውን በአብዛኛው ያገኘው ግን ኮንሰርቲና በምትባል አኮርዲዮን መሰል ትንሽ መሣሪያ ነው። ሰውየው ለማን ብሎ ይህን ያህል ከባድ ነገር ለጊታር እንደጻፈ አንዳንዴ ይገርመኛል።

ክብደቱ ያለው ትሬሞሎው ላይ ነው። አውራ ጣት ባሱን ይመታል፤ የቀለበት፣ የመሃልና ሌባ ጣት ተከታትለው አንዱን ድምፅ ሲደጋግሙት ጆሮ እንደ አንድ ረጅም ድምፅ ይሰማዋል። ብዙዎቻችን ይህን የምናውቀው ከስፔናዊው ጊታሪስት ከታሬጋ «የአልሐምብራ ትዝታ» ነው፤ ታሬጋ ግን «ሬቬሪ» ሲታተም ገና ልጅ ነበር። የታሬጋው ግራ እጅን ትንሽ ያሳርፋል። ሬጎንዲ አያሳርፍም፤ ኮርዱ (አብረው የሚያዙት ድምፆች) ተቀየረ ስትሉ ሌላ ይመጣል፣ ትንሿ ጣት ተዘርግታ ሳትመለስ። የዛሬው ጊታር ክር 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የዚያን ጊዜዎቹ ብዙዎቹ አጠር ይሉ ነበር፤ ይህን ያነበብኩት አንጓዬ ካበጠ በኋላ ነው።

ፍጥነቱን ግን አትፍሩት። እኔን የፈተነኝ አውራ ጣቴን ዝም ማሰኘት ነው። ትንሽ ከበረታ ዜማው ይሰጥማል፣ የሚሰማው ድብደባ ብቻ ይሆናል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አውራ ጣቴን ብቻ፣ ያውም ጎረቤት በማይሰማው ድምፅ፣ ስለማመድ ቆየሁ።

ወደ ኖታው ልመለስ። የድሮው እትም ጥራቱ ደህና ነው፣ ግን የትኛው ጣት የት እንደሚያርፍ ብዙም አይነግርም፤ በእርሳስ ራሴ ሞላሁት። ለማተም የሄድኩበት ሱቅ ደግሞ «በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ» ብዬ እያስረዳሁት ወረቀቱን ፊትና ጀርባ አትሞ ሰጠኝ። ገጽ መግለጥ ያለብኝ ትሬሞሎው መሃል ላይ ሆነ፤ በየትኛው እጄ? ድጋሚ ከፍዬ አሳትሜ ወረቀቶቹን በፕላስተር አያይዤ ግድግዳ ላይ ለጠፍኳቸው።

ለዜማው አምስት ከአምስት፣ ለእትሙ ሦስት። ትሬሞሎ ገና የምትጀምሩ ከሆነ ከታሬጋ ጀምሩ። የታሬጋው ከሰለቻችሁ ግን ይኸኛው ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው፣ መጨረሻው ድረስ አይሰለችም።

ባለፈው ማክሰኞ ክሩን የምመታበት የቀለበት ጣቴ ጥፍር ካርቶን ላይ ተሰበረ። በሶፍትና በሱፐር ግሉ ልጠግነው ሞከርኩ፣ አልያዘም። እስኪያድግ ድረስ የግራ እጁን ብቻ ነው የምለማመደው።