ለሲልቨር ስፕሪንጓ እቴቴ ምስጋና፣ ልጅ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክ አካባቢ ለልጃችሁ ዴይኬር እየፈለጋችሁ ከሆነ ይሄንን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ትንሽ ረዘም ይላል። አሳጥሬ ብጽፈው "ጥሩ ዴይኬር ነው" ከማለት አያልፍም፤ እሱን ደግሞ ሁሉም ሰው ስለ ሁሉም ዴይኬር ይለዋል።

እቴቴ የምንላት ልጆቹም ወላጆቹም ነን። ሙሉ ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ነግራኛለች፣ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን እሰጣለሁ። ልጆች የምትይዘው ቤቷ ውስጥ ነው። የሜሪላንድ ላይሰንስ አላት። በዚህ ስቴት መደበኛ የቤት ዴይኬር ከ8 ልጅ በላይ መያዝ ስለማይፈቀድለት ቦታ ቶሎ ይሞላል። ንጽሕናዋ፣ ምግቧ፣ ሰዓት አክባሪነቷ፣ ምንም አይወጣላትም። ልጄ ቤት እምቢ የሚለውን ሽሮ እሷ ጋ ሳህኑን ጠርጎ ይበላል። ይሄን አልፈዋለሁ።

ላመሰግናት የተነሳሁት በማክሰኞ ምክንያት ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት እቴቴ ልጆቹን ይዛ ቤቷ አጠገብ ወዳለ ነርሲንግ ሆም ትሄዳለች። ረዳቷ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፤ ልጆቹ መሃል ላይ እጀታ ያለው ገመድ ይዘው፣ ትንንሾቹ በጋሪ። እዚያ ከሚኖሩ አዛውንቶች ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ይጫወታሉ። ከዚያ በላይ አትቆይም፤ ልጆቹም አዛውንቶቹም ይደክማሉ።

"ታዲያ ይሄ ምን ይገርማል?" የሚል ይኖራል። የፈረንጆቹ ገና ሲደርስ ነርሲንግ ሆሙ በጎብኚ ይጥለቀለቃል። የትምህርት ቤት መዘምራን ይመጣሉ፣ ይዘምራሉ፣ ካርድ ይሰጣሉ፣ ይሄዳሉ። ጃንዋሪ ላይ ዝር የሚል የለም። እቴቴ ግን ጃንዋሪም ትሄዳለች። ቀኑ ያው ማክሰኞ፣ ክፍሉ ያው ክፍል፣ የሚቀመጡት ሰዎችም እነዚያው ናቸው። ልጆቹ የማንን ዊልቸር መግፋት እንደሚቻል፣ ማን ከረሜላ እንደሚደብቅ፣ የማን ጆሮ በየትኛው በኩል እንደሚሰማ ያውቃሉ። ዝምድና በአንድ ቀን ጉብኝት አይመጣም። ይሄ ገብቷታል።

ሐሳቡን ያገኘችው ከሲያትል ነው። እዚያ ያለች የአክስቷ ልጅ ስለ ፕሮቪደንስ ማውንት ሴንት ቪንሰንት አጫወተቻት። ዌስት ሲያትል የሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 እዚያው ሕንፃው ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ተከፈተበት። "እኔ ሕንፃ የለኝም፣ እግር ግን አለኝ" ብላ ጀመረች። በኋላ ሳነብ ደግሞ ጃፓኖች ከዚያም ቀድመዋል። ቶኪዮ ውስጥ ኮቶኤን የሚባል ተቋም መዋዕለ ሕፃናትንና የአረጋውያን መኖሪያን ቀድሞ አንድ ላይ አድርጎ ነበር። የእኛ አገር ሰው ይሄን ሲሰማ ሳይስቅ አይቀርም። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ቤት መዋላቸው መቼ ዜና ሆኖ ያውቃል? ግን እውነቱን እንነጋገር። የእኛ ልጆች አያቶች ያሉት አገር ቤት ነው። በቪዲዮ ሲደውሉም ስልኩን አስጠግተው ስለሚይዙት ልጄ ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው የአያቱን ግንባር ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ነርስ ናት። መጀመሪያ ቀን እቴቴን አስቀምጣ በጥያቄ አፋጠጠቻት። መልሶቹን እዚህ የምጽፈው ሌላም ወላጅ ስለሚጠይቅ ነው። አፍንጫው የሚፈስ ልጅ ያለበት ማክሰኞ ጉዞ የለም። ሲገቡም ሲወጡም እጅ ይታጠባሉ። ፍሉ ሲበረታ ወይም ሕንፃው ውስጥ ኮቪድ ከተገኘ እስኪያልፍ ይቆማል። ወላጅ ፈርሞ ካልፈቀደ ልጁ አይሄድም። የነርሲንግ ሆሙ ሠራተኛ ሁሌ አብሮ ይሆናል። የነዋሪዎቹን ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ስለዚህ ከዚህ ጽሁፍ ጋር ፎቶ አትፈልጉ።

ከመሄዳቸው በፊት ደግሞ ልጆቹን ታዘጋጃለች። የኦክስጅን ቱቦ ምን እንደሆነ፣ አንዳንድ ሰው ለምን እንደሚጮህ፣ ለምን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ እንደሚጠይቅ ትነግራቸዋለች። የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው ከኋላ አይጠሩም፣ ይደነግጣልና። ከፊት መጥተው፣ ፊት ለፊት ቆመው ስማቸውን ይናገራሉ። ጠዋት የምትሄደውም በዘፈቀደ አይደለም። ብዙዎቹ እነዚህ ሕሙማን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይረበሻሉ፤ ከቁርስ በኋላ ግን ረጋ ይላሉ።

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ቀርቼ አብሬ ሄድኩ። ፊኛ ይጫወታሉ፤ ፊኛ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ዊልቸር ላይ የተቀመጠም ሰው ይደርስበታል። ፕሌይዶ (የመጫወቻ ሊጥ) ያድቦለቡላሉ። ልጆቹ ጨዋታ ነው የሚመስላቸው፣ አዛውንቶቹ ግን ጣታቸውን እያፍታቱ ነው። ፎጣ ማጠፍም አለ። ፎጣ ማጠፍ ይህን ያህል ሳቅ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ከነዋሪዎቹ አንዷ የእኛ አገር ሰው ናቸው። እማማ ልበላቸው። እንግሊዝኛውን በሽታው ወስዶባቸዋል፤ የቀራቸው አማርኛ ብቻ ነው። ልጄ ደግሞ በአማርኛ ብታናግሩት በእንግሊዝኛ የሚመልስ ነው፣ ታውቁታላችሁ የእነዚህን ልጆች ነገር። እቴቴ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። እማማ "እንቆቅልሽ" አሉ። እሱ "ምናውቅልሽ" አለ፣ እቴቴ አስጠንታዋለች። "ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?" አሉት። አሰበ፣ አሰበ፣ "የዳዲ መኪና" አለ። ሊፍት (በስልክ የሚጠራውን ታክሲ) እንደምነዳ ልብ በሉልኝ፤ መልሱ ያን ያህል አልራቀም። እማማ ግን አልተቀበሉትም። "አገር ስጠኝ!" አሉት። "ዋልማርት" አላቸው።

ክፍሉ ውስጥ አማርኛ የምንሰማው ሁሉ በሳቅ ወደቅን። እማማ ኮስተር ብለው "እሱን አልፈልግም፣ ሌላ አምጣ" አሉ። ቀጥሎ ጎንደርን ሰጣቸው። ተቀበሉና አገር የተሰጠው ሰው የሚደረድረውን ግጥም ከላይ እስከ ታች አንድ ቃል ሳያዛንፉ ተወጡት። መልሱ ውሃ መሆኑንም ነገሩት። ቁርስ ይብሉ አይብሉ የማያስታውሱ ሴት ናቸው። አሁን ልጄ ቤት መጥቶ እኔን በእንቆቅልሽ ያፋጥጠኛል። ብዙ አገር ከስሬያለሁ።

ሁሉም ቀን እንዲህ አይደለም። ፊኛውን በጭንቅላታቸው ይመቱ የነበሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ አርፈዋል። እቴቴ ለልጆቹ ከመንገሯ በፊት በነበረው ማታ ለየወላጁ ደወለችና ምን ብላ እንደምትነግራቸው አሳወቀችን። በማግስቱ ለልጆቹ "ተኝተው ነው" ወይም "ሩቅ ሄደዋል" አላለችም። ሞቱ አለች። ያለቀሰውን አቀፈች፤ ከዚያ ለቤተሰባቸው ሥዕል ሣሉ። እኔ ብሆን እንዲያ ቀጥ አድርጌ የምናገርበት አቅም አይኖረኝም።

ሁሉም ልጅ አይወደውም፤ ይሄም ይታወቅ። አንዲት ልጅ ዊልቸር ስታይ ታለቅስ ነበር። አላስገደደቻትም። ከረዳቷ ጋር በሩ አጠገብ ተቀምጣ ትሥል ነበር፣ አሁንም አንዳንዴ እዚያው ነች።

ቅሬታ ካላችሁኝ፦ ፓርኪንግ የለም። ቀን ላይ ስልክ አታነሳም፣ ቴክስት አድርጉላት። ዘግይታችሁ ከመጣችሁ ታስከፍላለች፤ "ትራፊክ ነበር" ብሎ ነገር እሷ ጋ አይሠራም።

ሌላ ቦታ ሆናችሁ ዴይኬር ያላችሁ እህቶች፣ ይሄን መጀመር ከባድ አይደለም። ነርሲንግ ሆሙ ደውሉና የአክቲቪቲ ኃላፊውን አገናኙኝ በሉ። ከሜዲኬርና ከሜዲኬድ (ከመንግሥት የጤና መድን) ገንዘብ የሚቀበል ነርሲንግ ሆም ለነዋሪዎቹ የመዝናኛና የተሳትፎ ፕሮግራም እንዲኖረው የፌዴራል ደንብ ያስገድደዋል፤ ኃላፊም ሊኖረው ይገባል። እናንተ ስትደውሉ ሥራውን እያገዛችሁለት ነው። መጀመሪያ ፈቃድና ኢንሹራንሳችሁን ጨርሱ፣ በጥቂት ልጆች ጀምሩ፣ ቀኑን አትቀያይሩ።

የነርሲንግ ሆሙን የአክቲቪቲ ኃላፊ፣ እንዲሁም እማማን ልጆቹ ከመድረሳቸው በፊት ፀጉራቸውን አበጥራ፣ ነጠላቸውን አልብሳ የምታቀርባቸውን ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) እህታችንንም አመሰግናለሁ። ነጠላ ማልበስ ከሥራ ዝርዝሯ ውስጥ የለም።

ለመስከረም የሚከፈት ቦታ እንዳላት ነግራኛለች፤ ፈጠን በሉ። እቴቴ፣ ይሄን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እጅሽ ይባረክ፣ ውለታሽን የምንመልስ ያድርገን። የሐሙሱን የዘገየሁበትን ደግሞ ነገ ይዤ እመጣለሁ።