ሶስት አሮጌ የካርቱን መጻሕፍት በ350 ራንድ፣ ያዋጣል ወይ?

መጀመሪያ ከሻጩ ጋር ያለኝን ልጨርስና ወደ መጽሐፎቹ እንሄዳለን። ኦንላይን ያገለገለ መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰው ነው የገዛሁት፣ ስሙን አልጠራም፣ "እንደ አዲስ" ብሎ የለጠፈው አንዱ እጄ ሲገባ ሙጫው ለቆ መሃሉ ላይ ያሉት ገጾች እንደ ካርታ ጨዋታ እግሬ ስር ተበተኑ። ሶስቱ 350 ራንድ፣ ማድረሻ ደሞ ለብቻው 90። ፎቶ አንስቼ ስልክለት "ያገለገለ ነው እኮ ወንድሜ" አለኝ፣ በቃ እዛው አለቀ። ለሻጩ ከአምስት ሁለት፣ እሱም ቶሎ ስላደረሰ ብቻ ነው።

ለምን ገዛሁ? ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ስኖር አስራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ጄፒ የሚባለው ሰፈር ልብስ እንሸጣለን፣ ኤፕሪል 27 በመጣ ቁጥር እኛ ሱቅ የሚነሳው ወሬ አንድ ነው፣ በዓል ነው እንክፈት ወይስ እንዝጋ። ቀኑ በ1994 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጥቁሩም ነጩም ለመጀመሪያ ጊዜ አብሮ የመረጠበት መሆኑን አቃለሁ፣ ከዛ በላይ ግን ብትጠይቁኝ ባዶ ነኝ። ታሪክ መጽሐፍ ጀምሬ ገጽ 30 ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። ስለዚህ ካርቱን ይሻላል ብዬ ሶስት አነሳሁ፣ ሁለቱ የዛፒሮ ስብስብ (አንዱ የማንዴላ ጊዜ፣ አንዱ የዙማ ጊዜ)፣ ሶስተኛው ማዳም ኤንድ ኢቭ የሚባለው።

ዛፒሮ ማለት ጆናታን ሻፒሮ ነው፣ በ1958 ኬፕታውን የተወለደ ነጭ፣ በአፓርታይድ ጊዜ ለውትድርና ሲመለመል መሣሪያ አልይዝም ያለ፣ በ1988 ደሞ የታሰረ ሰው። ማለቴ ዳር ቆሞ የሚስል አይደለም፣ ከታጋዮቹ ጋር የነበረ ነው። እኔን የያዘኝም እዚህ ጋ ነው። ጠላትህ ስልጣን ላይ እያለ እሱን መሳል ሊያሳስርህ ይችላል ግን አታመነታም፣ ማንን እንደምትስል ታውቀዋለህ። የራስህ ሰዎች አሸንፈው ቤተ መንግሥት ሲገቡስ ምን ትስላለህ? የማንዴላውን ስብስብ ስታገላብጡ ሰውየው ከዚህ ጥያቄ ጋር ሲታገል ታዩታላችሁ። ማንዴላን ሲስል እጁ ይለሰልሳል፣ ሽበቱን፣ ፈገግታውን፣ ያቺን ጌጠኛ ሸሚዙን በፍቅር ነው የሚስላት፣ በዙሪያው ያሉትን ሚኒስትሮች ግን ቀስ በቀስ ሲያጠናግራቸው ይታያል። በ1998 አንድ ጋዜጣ ላይ ሥራው መውጣት ሲያቆም ማንዴላ ራሱ ስልክ ደውሎ ካርቱንህ ቀረብኝ አለው ይባላል፣ ሰውየው ደንግጦ እንዴ ፓርቲያችሁን እኮ እየባሰብኝ ነው የምነቅፈው ሲለው፣ ያ ሥራህ እኮ ነው አለው። ይሄን ታሪክ ዛፒሮ ራሱ በየመድረኩ ይናገረዋል። ደስ ይላል፣ ግን እንደ ፍተሻ ካየነው ቀላሉ ፍተሻ ነው፣ ማንዴላ ነዋ።

ከባዱ ሌላኛው መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው፣ እዛ ግን ከመድረሴ በፊት አንድ ስዕል ልንገራችሁ፣ ለእኔ ከሁለቱም ስብስብ የምመርጠው እሱን ነው። የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ጊዜ የተሳለ ነው። በአፓርታይድ ዘመን የተሠራውን ግፍ ተበዳይም በዳይም ቀርቦ የሚናገርበት ኮሚሽን ነው፣ መስማት የጀመረው በ1996፣ የሚመራው ጳጳሱ ዴዝሞንድ ቱቱ። ቱቱ ካርታ ይዞ፣ በዳይና ተበዳይን አስከትሎ መንገድ ሲመራ ቆይቶ ድንገት ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳል። የቆሙበት መሬት እውነት ይላል፣ ከገደሉ ማዶ ያለው ዕርቅ። መሃል ላይ ምንም የለም፣ ድልድይ የለ ገመድ የለ። የቱቱ ፊት መንገድ የሳተ ሹፌር ፊት ነው። ስለ ኮሚሽኑ ሰው ሲከራከር ብዙ ሰምቻለሁ፣ ጠቀመ አልጠቀመም፣ ይቅር የተባለው ሰውዬ ይገባው ነበር አይገባውም፣ እቺ አንዲት ስዕል ግን ሁሉንም አንድ ላይ አስቀመጠችልኝ። ካርታው ላይ ገደሉ አልነበረማ!

አሁን ወደ ዙማ። ያው በ2006 አስገድዶ በመድፈር ተከሶ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር፣ በመጨረሻ በነፃ ተለቀቀ፣ ግን ችሎት ላይ ኤችአይቪ ካለባት ሴት ጋር ከተኛሁ በኋላ እንዳይዘኝ ሻወር ወሰድኩ አለ። ዛፒሮ ከዛ ቀን ጀምሮ ዙማን ሲስል ራሱ ላይ የሻወር ቧንቧ ይተክልበታል። በሱፍ፣ በባህል ልብስ፣ ዘውድ አድርጎ፣ የትም ይሁን ቧንቧዋ አለች። በ2009 ፕሬዚዳንት ሲሆን ትንሽ ፋታ ልስጠው ብሎ ከራሱ ነቅሎ አየር ላይ አንሳፍፏት ነበር፣ ብዙም አልቆየ መልሶ ተከላት። መጀመሪያ ላይ ሳየው ሳቅኩ፣ ሃያኛው ገጽ ላይ ሰለቸኝ፣ ሰማንያኛው አካባቢ ደሞ ለካ ዋናው ነገር መሰልቸቱ ነው ብዬ አሰብኩ፣ ሰው እንዳይረሳ ነው የሚደጋግመው። (ይሄ የኔ ግምት ነው።)

በ2008 የወጣውን ግን ሳላመነታ ወደድኩት ብል ዋሸሁ። ዓይኗ የተሸፈነውን የፍትህ ሴት አራት የፓርቲና የማህበር ሰዎች መሬት ላይ ይዘዋታል፣ ዙማ ቀበቶውን እየፈታ ነው። መልእክቱ ይገባኛል፣ ፍርድ ቤቱ ላይ ሊፈጸም የተዘጋጀውን ነገር ነው የሚናገረው። ግን ሴት ልጅ ያለው ሰው ያን ገጽ ክፍቱን ጠረጴዛ ላይ አይተወውም፣ እኔም አልተውኩትም። ዙማ 5 ሚሊዮን ራንድ ካሳ ብሎ ከሰሰ፣ በ2012 ክሱን ራሱ አነሳው። ፕሬዚዳንት አንድን ሰዓሊ ከስሶ፣ ቆይቶ ክሱን ጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ሰዓሊውም በማግስቱ መሳሉን ቀጠለ። የማንዴላ ስልክ ደስ ይላል ብያለሁ፣ ስለዚህ ሀገር ሽግግር ይበልጥ የነገረኝ ግን ይሄ ክስ ነው።

የሁለቱ መጻሕፍት ትልቁ ችግር ማብራሪያ የለም። ጋዜጣ ላይ በወጣበት ሳምንት ሁሉም ሰው ወሬውን ያውቀዋል፣ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ለሚገዛ ሰው ግን ግማሹ እንቆቅልሽ ነው። ለምሳሌ ኢንካታ የሚባለው ፓርቲ የ1994ቱ ምርጫ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው እሺ እሳተፋለሁ ያለው፣ የድምፅ መስጫው ወረቀት ታትሞ አልቆ ስለነበር ስሙን በስቲከር ከታች ለጠፉት፣ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ካላወቃችሁ የዛ ሰሞን ቀልድ አይገባችሁም። እኔ በስልክ ጉግል እያደረግኩ ነው ያነበብኩት፣ አንድ ስዕል አስር ደቂቃ። ሌላው ደሞ ፊደሉ፣ ለጋዜጣ የተሳለውን አሳንሰው ስላተሙት ወረቀት ላይ፣ ቦርሳ ላይ፣ ግድግዳ ላይ የጻፋትን ትንንሽ ጽሑፍ ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል።

ሶስተኛው ምንም ጉግል አያስፈልገውም። ማዳም ኤንድ ኢቭ በ1992 ዊክሊ ሜይል ጋዜጣ ላይ ነው የጀመረው፣ በዛው ዓመት አፓርታይድን ለማብቃት የተጀመረው፣ ኮዴሳ የሚባለው ድርድር ተቋርጦ ሀገሩ ሲታመስ። ታሪኩ ግን ኩሽና ውስጥ ነው። ግዌን የምትባል ነጭ እመቤትና ኢቭ የምትባል ጥቁር የቤት ሠራተኛ፣ ደሞ የግዌን እናት ጂን በቶኒክ እየጠጡ ውጪ በቆሎ በቆሎ እያለች የምትጮህን ሻጭ በወንጭፍ የሚያነጣጥሩ አሮጊት። ማዳም የሚለውን ቃል ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ እህቱ አረብ ሀገር ያለች ሰው ያውቀዋል። ኢቭ ደሞዝ ጨምሪልኝ ትላለች፣ ማዳም ስለ አዲሲቷ ሀገር ታወራለች፣ ኢቭ የካውያ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ትተኛለች። ፖለቲካ በሬዲዮና በቲቪ ይገባል፣ እነሱ ሻይ ላይ ይጨቃጨቁበታል። በቃ ይሄው ነው፣ እኔ ግን እስከ ሌሊት ሰባት ሰዓት አላስቀመጥኩትም።

ሱቃችን አብረውን የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሴትዮ አሉ፣ ማማ ነው የምንላቸው፣ ሳንድተን የሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት አስራ ዘጠኝ ዓመት የሠሩ። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት መጽሐፉን ሰጠኋቸው። በወንጭፉ ስቀው እንባቸው መጣ። የካውያ ጠረጴዛው ላይ ሲደርሱ ግን ሳቁ ቆመ። "እኔ እንዲህ ተኝቼ ብገኝ ማታውን ታክሲ ላይ ነኝ ልጄ" አሉኝ፣ "ማን ነው የሳለው?" ሶስት ነጭ ወንዶች ናቸው፣ አንዱ አሜሪካዊ ነው አልኳቸው። "እ" ብለው ገጹን ገለበጡ። እውነታቸውን ነው፣ የኢቭ ድፍረት ሌላ ሰው የጻፈላት ድፍረት ነው፣ ለቤት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ እንኳን በሕግ የወጣው ከምርጫው ስምንት ዓመት ቆይቶ በ2002 መጨረሻ ነው። ቀጥሎ ስለ 1994 ጠየቅኳቸው። ያን ቀን ከማዳማቸው ጋር አንድ ሰልፍ ላይ ነበሩ፣ ፊትና ኋላ፣ ሰዓታት። ሴትዮዋ እግሯን ስለሚያማት የምትቀመጥበት ተጣጣፊ ወንበር ነበራት። "ወንበሩን ማን የተሸከመ ይመስልሃል?" አሉኝ። ድምፅ መስጫው ክፍል ስገባ በር ላይ ጥዬው ገባሁ አሉ፣ ስወጣ መልሼ አነሳሁት።

እንዲህ ዓይነት ወሬ ከዛፒሮ ስዕል አይወጣም፣ ምክንያቱም እሱ የሚስላቸው ሰዎች ወንበር ተሸክመው አያውቁም። ይህን የምለው ዛፒሮን ለማሳነስ አይደለም፣ በመስመርም በጭካኔም የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ግን ሀገሩ ስለተቀየረበት ነገር አንድ መጽሐፍ ብቻ ልግዛ ካላችሁ ማዳም ኤንድ ኢቭን ግዙ፣ ለዛውም የ90ዎቹን፣ በኋላ በኋላ የወጡትን ሌላ ሰው ጋ አይቻለሁ ቀልዱ ትንሽ ሳስቷል። ሁለት ከሆነ የዛፒሮን የማንዴላ ጊዜ ጨምሩበት። የዙማው የሚጣፍጠው ዜናውን ስትከታተሉ ለነበራችሁ ነው።

ነጥብ፦ ማዳም ኤንድ ኢቭ አራት ተኩል፣ ዛፒሮ አንደኛው አራት፣ ሁለተኛው ሶስት። ስትገዙ የጀርባውን ሙጫ የሚያሳይ ፎቶ አስልኩ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት። እኔ የተበተነውን በስኮች አያይዤዋለሁ፣ ሁለት ገጽ ተገልብጦ ተለጥፏል። ኢቭ ያለችበት ደሞ ማማ ጋ ነው፣ ለልጃቸው ላሳያት ብለው ከወሰዱት ሶስተኛ ሳምንቱ ነው፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።