ተንደርበርድ ከ115ኛው እትም ወዲህ፦ ጥሩ ፕሮግራም፣ ያልተጠየቀ ገጽታ

ተንደርበርድ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ከብዙዎቹ የኢሜይል አገልግሎቶች የሚለየው ደብዳቤውን በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ መቻሉ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የዓመታት ደብዳቤ እዚያው አለ፤ ይፈለጋል፣ ይነበባል፣ መልሱም ተጽፎ መስመሩ እስኪመለስ ይጠብቃል። ኔትወርክ በሚመጣና በሚሄድበት አገር ቢሮ የሚመራ ሰው የዚህን ጥቅም ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ፕሮግራሙ ነጻ ነው፤ የሚተዳደረውም በአብዛኛው ከተጠቃሚዎቹ በሚሰበሰብ መዋጮ ነው። 1.0 የተባለው እትሙ በታኅሣሥ 2004 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከወጣ ጀምሮ ታማኝ ወዳጆችን አፍርቷል፤ የገጽታው ለውጥ ይበልጥ የከበዳቸውም እነዚሁ ወዳጆቹ ናቸው።

በሐምሌ 2023 «ሱፐርኖቫ» የሚል ስም ይዞ የወጣው 115ኛው እትም የፕሮግራሙን ፊት ከላይ እስከ ታች ለወጠው። ከመስኮቱ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘረጋ አዲስ የመሣሪያ አሞሌ የላይኛውን ቦታ ያዘ፤ ለዓመታት ከሁሉም በላይ የኖረው ሜኑ ደግሞ ከእሱ ሥር ወረደ። በስተግራ በ2022 በ102ኛው እትም የገባው የምልክቶች ዓምድ አለ። በፎልደሮቹና በደብዳቤዎቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታም ሰፋ።

ከሁሉም በላይ መነጋገር የሚገባን ግን ካርድ እይታ ስለተባለው አዲስ የደብዳቤ ዝርዝር አቀማመጥ ነው። በቀድሞው ሠንጠረዥ አንድ ደብዳቤ አንድ መስመር ይይዛል፤ ላኪው፣ ርዕሱ፣ ቀኑና መጠኑ እያንዳንዳቸው በየዓምዳቸው ስለሚቀመጡ ዓይን ወደ ታች እየወረደ የሚፈልገውን ይለያል፤ የዓምዱን ርዕስ አንዴ መጫንም ዝርዝሩን በሙሉ በላኪ ወይም በቀን ይደረድረዋል። በካርድ እይታ ላኪው በላይኛው፣ ርዕሱ በታችኛው መስመር ስለሚቀመጥ በአንድ ጊዜ የሚታዩት ደብዳቤዎች በጉልህ ያንሳሉ። ይህ አቀማመጥ ጠባብ የስልክ ስክሪን ላይ ተገቢ ነው። በሰፊ የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ግን በቀን ብዙ ደብዳቤ እያጣራ ለሚሠራ ጸሐፊ፣ የሒሳብ ባለሙያ ወይም የግዢ ክፍል ሠራተኛ ሥራውን የሚያዘገይ ነው።

የልማት ቡድኑ ያቀረበውን ምክንያት አቃልዬ አላየውም። ተንደርበርድ የተገነባው የሞዚላ ድርጅት የኢንተርኔት ማሰሻ (ብራውዘር) በሆነው በፋየርፎክስ ኮድ ላይ ነው። ሞዚላ በ2012 ትኩረቱን ከፕሮግራሙ ካነሳ በኋላ ጥቂት ሰዎችና በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት ተሸክመውታል፤ ከሥሩ ያለው ኮድ በተለወጠ ቁጥር ከላይ የተሠራው ይሰበር ነበር። በ2020 ሥራው ወደ አዲስ የሞዚላ እኅት ኩባንያ ተዛውሮ ገንዘብና የሰው ኃይል ሲያገኝ፣ ለዓመታት የተጠራቀመውን አሮጌ ኮድ አፍርሶ እንደገና መሥራት የግድ ነበር። ይህን እቀበላለሁ። የማልቀበለው ውስጡን ማደስና የተጠቃሚውን እጅ ከለመደው ቦታ ማፈናቀል እንደ አንድ ሥራ መቆጠራቸውን ነው። መሠረት ሊያጠናክር የገባ ግንበኛ የቤቱን በር ወደ ጓሮ አዙሮ እንዲወጣ የሚያስገድደው ነገር የለም። አዲሱ የደብዳቤ ዝርዝር በአዲስ ኮድ ተሠርቶ የድሮውን መልክ ይዞ ሊቀርብ ይችል ነበር።

አልወደድኩትም ብሎ አሮጌው እትም ላይ መቆየት ደግሞ አይቻልም። የ102ኛው እትም የደኅንነት ጥገና 115ኛው በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ አብቅቷል። ኢሜይል የማጭበርበሪያ አባሪዎችና አደገኛ ማስፈንጠሪያዎች በብዛት የሚገቡበት በር ስለሆነ፣ ጥገና በቆመበት ፕሮግራም ደብዳቤ መክፈት ማንም ሊመክረው የማይገባ ነገር ነው። የደኅንነት ጥገናውና አዲሱ ገጽታ በአንድ ጥቅል ሲመጡ፣ ተጠቃሚው «እሺ» ያለው ለጥገናው ይሁን ለገጽታው የሚታወቅበት መንገድ የለም። የኔ ዋና ቅሬታ ይህ ነው፤ ቅሬታውም ተንደርበርድን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ውስጥ ለነበረው «ሜይል» ፕሮግራም ድጋፉን በ2024 መጨረሻ አቋርጦ ተጠቃሚዎቹን ወደ አዲሱ አውትሉክ መርቷቸዋል። ተንደርበርድ ከዚህ የሚሻለው ቢያንስ ብዙውን ነገር ወደ ቦታው ለመመለስ ስለሚፈቅድ ነው።

የሚመለሰውም ብዙ ነው። ከደብዳቤዎቹ ዝርዝር በላይ በስተቀኝ ያለው ትንሽ ምልክት ሲጫን ከካርድ ወደ ሠንጠረዥ መለወጥ ይቻላል። በእይታ ሜኑ ውስጥ የቀድሞው የመስኮት አከፋፈል እስከ ዛሬ አለ። የመስመሮቹን ርቀት ማጥበብና የግራውን ዓምድ መደበቅም ይቻላል። አማርኛ ለሚያነብ ግን ርቀቱን ሲያጠብ የፊደሉን መጠን አብሮ እንዳያሳንስ እመክራለሁ፤ የፊደሎቻችን ልዩነት በትንንሽ ቅጥያዎች ላይ ስለሚያርፍ መጠኑ ሲያንስ ካዕቡን ከሣልሱ መለየት ያደክማል። በሴቲንግ ውስጥ ለኢትዮጵያ ፊደል ለብቻው ፎንትና መጠን የሚመረጥበት ቦታ መኖሩ ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ በማናቸውም የገጽታ ለውጥ እንዳይነካ እመኛለሁ።

ፕሮግራሙን አሁንም ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ የትኛውን እትም እንደምንጭን ግን ማስተዋል ይገባል። ከመጋቢት 2025 ጀምሮ በዋናው ገጽ የሚቀርበው በየወሩ አዳዲስ ነገር የሚጨመርበት እትም ነው። ለቢሮ የሚስማማው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ትልቅ ለውጥ የሚያገኝና በመካከሉ የደኅንነት ጥገና የሚደርሰው ኢኤስአር የተባለው እትም ስለሆነ እሱን ፈልጎ መጫን ይሻላል። ከትልቅ ማሻሻያ በፊትም ደብዳቤዎቹና ሴቲንጎቹ ያሉበትን የፕሮፋይል ፎልደር በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ አዲሱ እትም አንዴ የከፈተውን ፕሮፋይል አሮጌው እትም መልሶ ለመክፈት ፈቃደኛ አይሆንምና።