ለ70ኛው ልደት ወጡን ለሠሩልን እናት፦ እጅዎ ይባረክ

የልጆቼ አባት 70 ዓመት ሲደፍኑ ቤተ ዘመዱና አብረዋቸው ጡረታ የወጡ ባልደረቦቻቸው ተሰብስበው 40 ሰው ያህል ሆኑ። ዶሮ ወጡን የሠሩት ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ ወጥ ሠሪ ናቸው። ስማቸው እንዲለጠፍ ስላልፈለጉ ስልካቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ጎንደር ውስጥ ድግስ ያሰበ ሰው ቢይዛቸው አያፍርም።

ከዋጋው በፊት የጠየቁት ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ጿሚ፣ ሙስሊም እንግዳ ወይም ጨው የተከለከለ ሰው እንዳለ ነው። ከዚያ ግዥውን አዘዙ፦ 5 የሐበሻ ዶሮ፣ ቀይ ሽንኩርት 10 ኪሎ፣ በርበሬ ኪሎ ከሩብ፣ ንጥር ቅቤም እንዲሁ፣ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ግማሽ ኪሎ፣ ዝንጅብል ከዚያ አነስ አድርጎ፣ እንቁላል 45። ዶሮ 12 ብልት ስለሚወጣው ለ40 ሰው 4 ይበቃ ነበር፤ አጥንት ብቻ የሆነውን ብልት ለእንግዳ ማቅረብ ስለሚያሳፍር ነው አምስተኛው። እንቁላሉ ጥቂት ቀን ቀድሞ ይገዛ፤ ትኩስ እንቁላል ሲላጥ ከቅርፊቱ ጋር ተቦጭቆ ይነሳል።

ሙያቸው የሚታየው ቁሌቱ ላይ ነው። ወቅቱ ጥቅምት ስለነበር ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን የጽጌ ጾም የያዙ ዘመዶች ነበሩ፤ ሙስሊም ባልደረቦችም ነበሩ። ብዙ ሰው እንዲህ ሲሆን ሦስት ወጥ ከሥሩ ይጀምርና ሦስቱም ይበላሹበታል። እሳቸው ግን የጣዱት አንድ ሰታቴ ነው። ደቅቆ የተከተፈው ሽንኩርት ያለ ዘይት ውሃው እስኪመጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በማማሰያ ተማሰለ። ዘይት ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱ ይጠበስና አይሟሟም፣ ወጡም ውሃውና ሽንኩርቱ ለየብቻ ይሆናል። ቀጥሎ ጥቂት ዘይት፣ ከዚያ በርበሬው። በርበሬ ደረቅ ድስት ላይ ካረረ ምሬቱን ቅቤም አይመልሰውምና ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጉ ሌላ አንድ ሰዓት አቁላሉት። ቅቤ ከመግባቱ በፊት ለጿሚዎቹ ምስር ወጥ የሚሆነውን ቀነሱ። ቅቤው ገብቶ ሥጋ ሳይነካው ደግሞ ለሙስሊም እንግዶች ተቀነሰ፤ ከ5ቱ አንዱ ዶሮ በሙስሊም የታረደ ስለነበር በራሱ ድስት፣ በራሱ ጭልፋ ተሠራ። ጭልፋ እንኳ የማያደባልቅ ወጥ ሠሪ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ብልቱ በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ውሃው እስኪጠራ ተደጋግሞ ታጠበ፤ ከዚያ በደንብ ተንጠፈጠፈ፤ ውሃ የያዘ ሥጋ ሲገባ ወጡ ይቀጥናል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ጠንካራው የሐበሻ ዶሮ እዚህ ከቆላው አገር ይበልጥ ይቆያል። እሳት ማብዛት አያፋጥነውም፣ ሥሩን ያሳርራል እንጂ። እንቁላሉ ጫር ጫር ተደርጎ መጨረሻ ገባ፤ መከለሻውም ሊወጣ ሲል ነው፣ ቀድሞ ከገባ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል።

በዚህ ዕድሜ ላሉ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ እሳቸውም እስከ መጨረሻው ጨው አልጨመሩም፤ ቀምሰው በጣም ጥቂት ጣል አድርገው ተዉት። ደም ግፊት ያለበት ሽማግሌ ያለበት ቤት ይህን አስቀድሞ ይንገራቸው። ፈረሰኛውንም ማንም ሳያስታውሳቸው ለባለ ልደቱ ለይተው አስቀምጠውታል።

ወጡ ከዋዜማው ጀምሮ ስለሚሠራ ማገዶና ከሰል አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በምድጃ አትተማመኑ። የደረሰውን ወጥ በአንድ ሰታቴ ታፍኖ አሳድራችሁ እንዳይኮመጥጥ፣ በትናንሽ ድስት ከፋፍላችሁ ቶሎ አቀዝቅዙ፤ በነጋታው የሚበላውን ብቻ አሙቁ።

እሳቸው እንጀራ አይጋግሩም፣ ጠላ አይጠምቁም፣ ድፎ ዳቦም የሌላ ባለሙያ ሥራ ነው። ሰታቴም አያመጡም፤ ከዕድራችሁ ተዋሱ። ቢያንስ ከሳምንት በፊት ንገሯቸው፤ በጥር ጥምቀትና ሠርግ ስለሚደራረብባቸው ደግሞ ከወር በፊት ይሁን።