ለአማኑኤሏ ሲስተር ምስጋና፣ ለእርጉዝ እህቶቼም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አማኑኤል ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ስለምትሠራ አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነው። ስሜን አትጻፊ ብላኛለች፣ እሺ ብያለሁ። ሥራዋን ግን ሳልናገር አላልፍም።

ታላቅ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም አለበት። መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ይሠራል፣ ይጫወታል። የከበደን የሰፈሩ አፍ ነው። "ዘራቸው ነው" ይሉናል። ሽማግሌ ሲላክ ዘር በሚቆጠርበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ሳረግዝ ደግሞ ወሬው ወደ ሆዴ ዞረ። ጎረቤቴ "ምጥ የልጁን ጭንቅላት ይጎዳል፣ የእናንተ ዘር ሲጨመርበት ደግሞ... በኦፕራሲዮን ተገላገይ" አለችኝ። አክስቴ በበኩሏ "ሳታምጪ ወልደሽ ምኑን እናት ሆንሽ?" አለች። አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ብጠይቅ፣ በቅጡ ሳያዩኝ የኦፕራሲዮን ቀን ሊቆርጡልኝ ተጣደፉ። እንቅልፍ አጣሁ።

በዚያ ሰሞን ወንድሜ ኒውሮጋፕ በሚባል ጥናት እንዲሳተፍ ተጠየቀ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ ተቋማት ጋር የሚሠራው የስኪዞፍሬኒያና የባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) የዘረመል ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ትልቁ የስኪዞፍሬኒያ ጥናት 76,755 ታማሚዎችን አካቶ ከበሽታው ጋር የተያያዙ 287 የዘረመል ቦታዎችን አግኝቷል። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ግን የአውሮፓና የምሥራቅ እስያ ዘር ያላቸው ናቸው። የእኛ ሰው ካልገባበት ዕውቀቱ ለእኛ ጎዶሎ ነው።

ሲስተር የጥናቱን የፈቃድ ቅጽ ያስረዳችው ለእኔ አይደለም፣ ለወንድሜ ነው። አንብባ ስትጨርስ "እስቲ በራስህ አነጋገር ንገረኝ፣ ምን ልናደርግ ነው?" አለችው።

"ምራቄን ወስዳችሁ ዘረመሌን ታያላችሁ። ካልፈለግሁ እተዋለሁ።"

"ብትተውስ መድኃኒትህ ይቀራል?"

"አይቀርም።"

ከዚያ በኋላ ነው ብልቃጧን የሰጠችው። ምራቁ እስከ መስመሩ መድረስ አለበት፣ አረፋው አይቆጠርም። ወንድሜ ደግሞ አፉ ይደርቅበታል። ጉንጩን ከውጭ በጣቱ እንዲያሽ አሳየችውና ቁጭ ብላ ጠበቀችው። በሩ ላይ ሰው ተሰልፎ እያለ አንዴም "ቶሎ በል" አላለችውም። ወንድሜን እንደዚህ እንደ ሙሉ ሰው ያናገረው ባለሙያ ብዙ አላየሁም።

ሲያልቅ ሆዴን አየት አድርጋ "አንቺን ደግሞ ምን ያስጨንቅሻል?" አለችኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

አንድ ጂን (ዘረመል) ብቻውን የሚያመጣው በሽታ አይደለም አለችኝ። እጅግ ብዙ ጂኖች እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፣ የኑሮ ሁኔታም ይጨመርበታል። ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑ መንትዮች አንዱ ቢታመም፣ ሌላው የመታመም ዕድሉ ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህል ነው። አጎታቸው ወይም አክስታቸው ከታመመባቸው 100 ልጆች 3 ወይም 4 ያህሉ ይታመማሉ፣ በጠቅላላው ሕዝብ ደግሞ ከ100 ሰው 1 ገደማ። "ልጅሽ የመታመም ሳይሆን ያለመታመም ዕድሉ ነው የሚያመዝነው" አለችኝ። ይህን ቁጥር ከዚያ በፊት ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

የኦፕራሲዮኑንም ነገር አልዘለለችውም። ስዊድን ውስጥ በተሠራ ትልቅ ጥናት፣ በኦፕራሲዮን በተወለዱት ላይ የሥነ አእምሮ ሕመሙ ጥቂት ከፍ ብሎ ታይቶ ነበር። የአንድ እናት ልጆች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ስለዚህ ቢላው በሽታውን አያመጣም፣ ከበሽታውም ያድናል ተብሎ አይመረጥም። የሚያሰጋው ምጥ ተራዝሞ ልጁ ሲታፈን ነውና ክትትልሽን አታቋርጪ፣ ባለሙያ ባለበት ውለጂ አለችኝ። "አወላለድሽን ከአዋላጅሽና ከሐኪምሽ ጋር ወስኚ። የወንድምሽን ካርድ እዚያ ውስጥ አታስገቢው።"

ምጥ ጀመርኩ፣ የልጄ የልብ ምት ሲወርድ በኦፕራሲዮን ወለድኩ። ቀድሞ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ያለኝ ወንድሜ ነው። በምጥ የወለደችም በኦፕራሲዮን የወለደችም እናት ናት፣ አክስቴ ብትሰማኝ ደስ ይለኛል።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደኔ የምትጨነቁ ካላችሁ ለጎረቤት ከመንገራችሁ በፊት ቤተሰባችሁ ክትትል ወደሚያደርግበት ሆስፒታል ሄዳችሁ የአእምሮ ሕክምና ነርስ አነጋግሩ። የክትትል ካርዱንና የመድኃኒት ወረቀቱን ያዙ፣ ጥያቄያችሁንም ቤት ሆናችሁ ጻፉት። ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ይጠፋል።