ታክሮሊመስ ቅባት፦ ለፊትና ለዓይን ቆብ የሚመረጥ፣ ለክርንና ለጉልበት የማይሆን

ፊቱ ላይ ችፌ የወጣበት ወይም ዓይኑ ዙሪያ ለምጽ የጀመረው ሰው ክሎቤታሶል የሚባለውን ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት እየተቀባ ወራት ሲያስቆጥር ማየት ያሳዝናል። ማሳከኩ በጥቂት ቀናት ይታገስለታል፤ ቆዳው ግን እየሳሳ ይሄዳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ብቅ ይላሉ፣ በጠይም ፊት ላይ ነጣ ያለ ጥላ ይቀራል። ቅባቱ ዓይን አጠገብ ከሆነ የዓይን ግፊትም ሊጨምር ይችላል። ለእነዚህ ስስ ቦታዎች የሚመረጠው ታክሮሊመስ ቅባት ከ2000 ጀምሮ በአሜሪካ ለችፌ ተፈቅዶ ይሸጣል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው የንግድ ስሙ ፕሮቶፒክ ነው፤ የህንድ ፋብሪካዎች ደግሞ በተለያየ ስም ያመርቱታል።

ንጥረ ነገሩ የተገኘው በ1984 ጃፓን ውስጥ፣ ከጹኩባ አፈር ከተወሰደ ባክቴሪያ ነው። መጀመሪያ የዋለውም ሰውነት የተተከለለትን ጉበትና ኩላሊት እንዳይገፋ ለመከላከል ነበር። ቆዳ ላይ የሚሠራው ሥራም ያው ነው። የሰውነት መከላከያ ወታደር የሆነው ቲ-ሴል ሲቀሰቀስ ካልሲኒዩሪን የሚባል ኢንዛይም ኢንተርሉኪን-2ንና ሌሎች የጥሪ ኬሚካሎችን እንዲያመርት ያዘዋል። ታክሮሊመስ ይህን ኢንዛይም ይዘጋል፤ ጥሪው ሲቋረጥ ሌሎቹ ሴሎች አይሰበሰቡም። ስቴሮይድ ግን ቆዳን የሚያጠነክረውን ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን የሚሠሩትን የቆዳ ሴሎች ጭምር ያዳክማል። የመሳሳቱ ምክንያት ይህ ነው። ታክሮሊመስ እነርሱን አይነካም፤ ከስቴሮይድ መወደዱን የሚያስረሳውም ይኸው ነው።

አንድ ነገር መለየት ግን ያስፈልጋል። ችፌ በትክክለኛ ትርጉሙ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ አይደለም፤ አጥሩ የላላ ቆዳ ከውጭ የሚገባውን ሁሉ እንደ ጠላት ሲያይ የሚመጣ ከልክ ያለፈ ቁጣ ነው። ለምጽ ግን ራስን የማጥቃት በሽታ ነው፤ ቲ-ሴሎች ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሴሎች እየፈለጉ ይገድላሉ። ስለዚህ አንዱ ቅባት ለሁለቱም ቢታዘዝም ከችፌ በሳምንታት የሚገኘው ውጤት ለለምጽ ወራት ይፈልጋል።

ቅባቱ በሁለት መጠን ይመጣል፦ 0.03 በመቶና 0.1 በመቶ። ከ2 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች የሚታዘዘው 0.03ቱ ነው፤ 0.1ዱ ለአዋቂ ነው። ከአውሮፓ በሰው የሚመጣው ቲዩብ ላይ ቁጥሩ በሌላ መልክም ሊጻፍ ይችላል፤ በ1 ግራም ውስጥ 1 ሚሊግራም ካለ 0.1 በመቶ፣ 0.3 ሚሊግራም ካለ 0.03 በመቶ ማለት ነው። «0.3» የሚለውን አይቶ ጠንካራው መስሎት ለአዋቂ የሚገዛ አለ፤ ተቃራኒው ነው።

ውስጡ ቫዝሊን፣ ፓራፊንና ሰም ስለሆነ ወፍራምና አንጸባራቂ ነው። ጠዋት ተቀብቶ ሥራ መሄድ አይመችም፣ ትራስ ያበላሻል፣ ጢም ወይም ፀጉር ባለበት ቦታ ይጣበቃል። የሚቀባው በቀን 2 ጊዜ፣ በስሱ፣ ፈጽሞ በደረቀ ቆዳ ላይ ነው። በጠቋሚ ጣት ጫፍ ርዝመት የተጨመቀ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ይሆናል፤ የአዋቂ ሰው ሁለት መዳፍ የሚያክል ቦታ ይሸፍናል። ለሙሉ ፊትና አንገት ሁለት ተኩል የጣት ጫፍ ስለሚበቃ በቀን 2.5 ግራም ይሄዳል፤ ባለ 10 ግራም ቲዩብ 4 ቀን፣ ባለ 30 ግራሙ 12 ቀን ማለት ነው። ለአንድ የዓይን ቆብ የስንዴ ቅንጣት የምታክል ይበቃል። በላዩ ላይ ፋሻ ወይም ፕላስቲክ አይታሰርበት። ማለስለሻ ቅባት የሚጠቀም ሰው በሁለቱ መካከል 2 ሰዓት ቢያሳልፍ ጥሩ ነው። እጅ ራሱ ካልታመመ በስተቀር ከተቀቡ በኋላ መታጠብ አለበት።

ብዙ ሰው ይህን ቅባት የሚጥለው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ምክንያቱም ያቃጥላል። የተቀባው ቦታ ይሞቃል፣ ይለበልባል፣ አንዳንዴ ከበፊቱ ብሶ ያሳክካል። ይህ አለርጂ አይደለም፤ መድኃኒቱ በቆዳ ውስጥ ያሉትን የነርቭ ጫፎች ስለሚቀሰቅስ ነው፣ ቆዳው እየተሻለው ሲሄድም ይጠፋል። ቆዳው በጣም ከቆጣ ሐኪሞች መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ቀለል ያለ ስቴሮይድ ሰጥተው ካበረዱት በኋላ ወደ ታክሮሊመስ ያሻግራሉ፤ ይህም ማቃጠሉን ይቀንሳል። ቲዩቡን ፍሪጅ ውስጥ ቀዝቀዝ ማድረግም ይረዳል። ከሻወር እንደወጡ በሞቀና በረጠበ ቆዳ ላይ መቀባት ግን ያባብሰዋል። ሌላው፣ አልኮል የሚጠጣ ሰው ፊቱ በድንገት ሊቀላና ሊግል ይችላል፤ ጉዳት የለውም፣ አስቀድሞ ያልተነገረውን ግን ያስደነግጣል።

በጠይም ቆዳ ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ስህተት አለ። ችፌው ሲተኛ የጠቆረ ወይም የነጣ ምልክት ጥሎ ይሄዳል፤ ሰውም «ገና አልዳነም» ብሎ ቅባቱን ይቀጥላል። ማሳከኩ ጠፍቶ ቆዳው ሲለሰልስ ችፌው ተኝቷል፤ ቀለሙ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። ችፌው ቶሎ ቶሎ ለሚመለስበት ሰው በዚያው ቦታ ላይ በሳምንት 2 ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ፣ መቀባቱ በየጊዜው ከማገርሸት ይጠብቃል። በተቃራኒው በ2 ሳምንት ምንም ለውጥ ካልታየ፣ ወይም 6 ሳምንት ሞልቶት ካልዳነ፣ በሽታው ችፌ ላይሆን ስለሚችል እንደገና መታየት አለበት። ጭርት ከሆነ መከላከያውን ማዳከም ፈንገሱን ያሰፋዋል።

ለለምጽ የሚሰጠው ከተፈቀደለት አጠቃቀም ውጪ፣ በሐኪሞች ልምድና በጥናት ላይ ተመሥርቶ ነው። ፊትና አንገት ደህና ይመልሳሉ። ጣቶች፣ የእግር ጫፍና ከንፈር ግን እምብዛም ነው። አዲስ ቀለም በብዛት የሚነሳው ከፀጉር ሥር ከተቀመጡ ሴሎች ስለሆነ በነጩ ቦታ ላይ ያለው ፀጉር ራሱ ከነጣ ተስፋው አነስተኛ ነው። የመዳን መጀመሪያ ምልክት በነጩ መሃል ጠብ ጠብ ያሉ ቡናማ ነጥቦች ናቸው። ቢያንስ 6 ወር ሳይሞሉ መፍረድ አይገባም፤ ከ311 ናኖሜትር የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሕክምና ጋር ሲጣመር ደግሞ ከብቻው ይሻላል። ግን የብርሃኑን ልክ የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ለችፌ የሚቀባ ሰው ፀሐይ እንዲቀንስ ይመከራልና። ከሁሉ በፊት ምርመራው ትክክል ይሁን። ለምጽ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ስሜት አለው። ፈዘዝ ያለና ሲነኩት የደነዘዘ ቦታ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ታክሮሊመስ ሳይገዙ እንደ አዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል ያለ የቆዳ ክፍል መሄድ ነው። ቋቁቻም ነጣ ስለሚል ከለምጽ ጋር ይምታታል፤ ሲፋቅ ግን ስስ ቅርፊት ይለቃል።

ክርንና ጉልበት ላይ ለተጋገረ ሶሪያሲስ (ቆዳን እያወፈረ ቅርፊት የሚያወጣ በሽታ) ይህን ቅባት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ሞለኪዩሉ ትልቅ ስለሆነ ወፍራሙን ቅርፊት አያልፍም፤ እዚያ ጠንካራ ስቴሮይድ ወይም ካልሲፖትሪዮል የሚባለው የቫይታሚን ዲ ዓይነት ቅባት ይሻላል። ፊት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ የወጣ ሶሪያሲስ ግን ቆዳው ስስ ስለሆነ ታክሮሊመስ ይሠራለታል።

ከተወዳዳሪዎቹ ኤሊዴል የሚባለው የፒሜክሮሊመስ 1 በመቶ ክሬም ቀለል ያለና ለቀን የሚመች ነው፤ ኃይሉ ግን ከ0.1 በመቶው ታክሮሊመስ ያንሳል። በ2022 በአሜሪካ ለለምጽ የተፈቀደው የሩክሶሊቲኒብ 1.5 በመቶ ክሬም በይፋ ለዚህ በሽታ የቆመ ነው፤ ገበያ ሲወጣ ግን የባለ 60 ግራሙ ቲዩብ ዋጋ 2000 ዶላር ገደማ ስለነበር ያለ ኢንሹራንስ የሚቀመስ አይደለም።

ማሸጊያው ላይ ያለው የካንሰር ማስጠንቀቂያ ብዙዎችን ያስፈራል። በአሜሪካ ከ2006 ጀምሮ የታተመው ጥቂት የሊምፎማና የቆዳ ካንሰር ታማሚዎች ሪፖርት ስለተደረጉ ነው፤ ቅባቱ ለበሽታው ምክንያት መሆኑ ግን አልተረጋገጠም። ማስጠንቀቂያው የሚጠይቀው በታመመው ቦታ ብቻ፣ በልክ መቀባትን ነው፤ ከዚህ አልፎ ልጅን በችፌ እያሳከከው ማሳደር አግባብ አይመስለንም። የበለጠ መፈራት ያለበት ኢንፌክሽን ነው። ቢጫ ቅርፊት ያለው መግል የያዘ ቁስል፣ የከንፈር ምች ወይም ጉድፍ (ቺክንፖክስ) ሲኖር ያ ቦታ አይቀባም። ችፌ ያለበት ቆዳ ላይ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው፣ የሚያሙ ትናንሽ የውሃ ቋጠሮዎች በድንገት ከወጡና ትኩሳት ከተከተለ ቅባቱን አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል፤ የሄርፐስ ቫይረስ እየተስፋፋ ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናውም አሲክሎቪር ነው።