የዓሣዎቻችንን ውሃ ለታደገልን ወጣት

የቤት ውስጥ አኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) የሚያጸዳና የሚጠግን ሰው የምትፈልጉ ካላችሁ አንድ ወጣት ልጠቁማችሁ ነው። በዚያውም የሚገባውን ምስጋና በአደባባይ ላድርስለት። ፊት ለፊት ሳመሰግነው «ሥራዬ እኮ ነው» እያለ ወሬ ስለሚያስቀይረኝ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ዓሣዎቻችን በተለይ ጠዋት ጠዋት ውሃው አናት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ነበር፤ ስንጥባቸው ያለ እረፍት ይርገበገባል። ቀደም ሲል ያመጣነው ሌላ ሰው ማጣሪያውን ፈታቶ በቧንቧ ውሃ አጠበና «አየር አንሷቸዋል፣ ትልቅ ፓምፕ ግዙ» ብሎን ሄደ። ፓምፑ ተገዛ፣ አረፋው በዛ፣ ጩኸቱ እንቅልፍ ነሳን። ዓሣዎቹ ግን ባሰባቸው እንጂ አልተሻላቸውም።

ይህ ወጣት ሲመጣ መሣሪያውን ለማውጣት አልቸኮለም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ዓሣዎቹን ዝም ብሎ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ቴርሞሜትሩን አነበበ፤ 30 ዲግሪ ይላል። የማሞቂያው መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ ኖሯል። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊግራም ያህል የሚይዝ ሲሆን በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል። የዓሣው ፍላጎት ደግሞ በተቃራኒው ከሙቀቱ ጋር ይጨምራል። ተክሎቹም ቀን በብርሃን ኦክስጅን ቢሰጡም ሌሊት እነሱም ተሻሚ ናቸው፤ ጠዋት የሚብሰው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ የውሃውን ገጽ በአግድም ተመለከተ። ስስ ቅባት የመሰለ ሽፋን ነበረበት። አንድ ሶፍት ዘርግቶ ውሃው ላይ አስተኛውና ቀስ ብሎ አነሳው፤ ሽፋኑ ተጣብቆ ወጣ። እኔ ኦክስጅን ከአረፋው ውስጥ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። እሱ እንዳስረዳን ግን አብዛኛው የሚገባው አየርና ውሃ በሚገናኙበት በላይኛው ገጽ በኩል ነው፤ የአረፋው ዋና ጥቅም ያንን ገጽ ማናወጥና የታችኛውን ውሃ ወደ ላይ ማምጣት ነው። የማጣሪያውን መውጫ ትንሽ ከፍ አድርጎ አዞረው፤ የውሃው ገጽ መሞገድ ጀመረ። ትልቁን ፓምፕ አውጥቶ የድሮውን ትንሹን መለሰልን። መሣሪያ አሻሽጦ መሄድ ሲችል «ይህ አያስፈልጋችሁም» የሚል ባለሙያ ስንት ጊዜ ገጥሟችኋል?

ዋናው ጉዳይ ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ውሃው መስታወት የመሰለ ጥርት ያለ ቢሆንም በመመርመሪያ ጠብታ ሲለካ ናይትራይት ተገኘበት። ናይትራይት የዓሣውን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርገው፣ ውሃው ውስጥ በቂ አየር ቢኖርም ዓሣው ይታፈናል። ከየት መጣ? ከታጠበው ማጣሪያ። ከዓሣው ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ በጣም ወደሚቀንሰው ናይትሬት የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በአብዛኛው ማጣሪያው ውስጥ ባለው ስፖንጅ ላይ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን እነሱን ይፈጃል። ስለዚህ ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ፣ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ብቻ ነው፤ አዲስ እስኪመስል መፈተግ የለበትም። ጽዳት ማለት ማንጻት ብቻ ለሚመስለን ሰዎች ይህን መቀበል ይከብዳል።

ከዚያ በጠጠር መምጠጫ ቱቦው የታችኛውን ቆሻሻ እየሳበ ከውሃው ሩብ ያህሉን ቀየረ፤ አዲሱን ውሃ አስቀድሞ በክሎሪን ማጥፊያ አክሞ፣ ሙቀቱን ከገንዳው ጋር አቀራርቦ ነው የጨመረው። ባክቴሪያዎቹ እስኪያገግሙ ድረስም በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ እንድንቀይርና ምግብ እንድንቀንስ አዘዘን። ማሞቂያውን ለወጠልን። ፓምፑ ከውሃው ልክ በታች ስለተቀመጠ፣ መብራት ሲጠፋ ውሃ በቱቦው ወደ ኋላ እንዳይፈስ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ገጠመለት። አሁን ዓሣዎቹ በገንዳው ሁሉ ተበትነው ይዋኛሉ።

እንከን የለውም አልልም። ቀጠሮ ላይ ትንሽ ያረፍዳል፤ ሥራ ላይ ከሆነ ስልክ አያነሳም። ምግብ ያበዛ ሰው ካገኘም ባለቤት ነው፣ እንግዳ ነው ሳይል ይቆጣል። ለእኔ ይህ ጉድለት አይደለም።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ ማውጣት ስላልፈለገ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አገናኛችኋለሁ። ስትደውሉለት ገንዳችሁ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ የዓሣዎቹን ዓይነትና ብዛት፣ ማጣሪያውም መቼና በምን ውሃ እንደታጠበ አጣርታችሁ ጠብቁት። ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።